ምዕራፍ 7፦ ምርት፣ ግርድ፣ ገለባ

«በሁሉም ዕቃ ላይ የ10 በመቶ ቅናሽ አድርገናል። እስከ ነገ ጠዋት ካላሳወቁን ያልቃል። ክፍያውን በባንክ ሒሳባችን ያስገቡ።» ይህ መልእክት ሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ገባ እንበል። አንዱ መምህር ነው፤ ላኪውን አያውቀውም፣ ያዘዘው ዕቃም የለም፣ መልእክቱን ሳይጨርስ ቢያጠፋው የሚጎድልበት ነገር የለም። ሌላው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ለእሱ እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሳምንቱን ትርፍ ይወስናሉ፤ አከፋፋዩ ዋጋ ቀንሷል፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ከዘገየ ጎረቤቱ ይቀድመዋል። ሁለቱ ስልኮች ላይ የገባው ጽሑፍ አንዲት ፊደል አይለያይም። ሆኖም መምህሩ በቆሻሻነት የሚጥለው ለነጋዴው እንጀራው ነው።

ይህ ምዕራፍ ኮምፒውተር አይፈለጌ መልእክትን ከተፈላጊው እንዴት እንደሚለይ ያስረዳል። ዋና ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሩ ማጣሪያ መጥፎ ቃል አያሳድድም። ትናንሽ ማስረጃዎችን እየደመረ ይገምታል፤ ከዚያም ግምቱ ቢሳሳት ለባለስልኩ የትኛው ስህተት እንደሚቀልለው አስልቶ ይወስናል። በምዕራፍ 2 ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ወደ ቁጥር እንዴት እንደሚለወጥ አይተናል፤ በምዕራፍ 5 ደግሞ የዕድል ስሌትን ተለማምደናል። ሁለቱም እዚህ ሥራ ይገባሉ።

ከዲቪ ጋር የመጣ ጣጣ

ማንም ያልጠየቀው የጅምላ መልእክት ዛሬ ከምናውቀው ኢንተርኔት ይቀድማል። በግንቦት 1978 እ.ኤ.አ. ጋሪ ቱርክ የተባለ የአንድ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ፣ የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ላይ ለ400 ያህል ሰዎች የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን ከ16 ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ዩዝኔት ይባል በነበረው መረብ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ የውይይት ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው «የግሪን ካርድ ሎተሪ» የሚል ነበር፤ ማለትም ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚያውቀው ዲቪ። በኢንተርኔት ታሪክ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሳው የንግድ አይፈለጌ መልእክት የተጻፈው በእኛም ተስፋ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው የወጪውን አከፋፈል ነው። ሬዲዮ ላይ የሚያስነግር ለእያንዳንዱ ሰከንድ ይከፍላል፤ በራሪ ወረቀት የሚያድል ለወረቀቱም ለአዳዩም ያወጣል። በኮምፒውተር ለሺህ ሰው የላከ ግን ለመቶ ሺህ ሰው ለመላክ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ከሚደርሳቸው መካከል እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ቢመልሱለትም ያዋጣዋል። ድካሙ የሚያርፈው በተቀባዮቹ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጊዜ ያጠፋል፣ አንዳንዱም ገንዘቡን ያጣል። «ዲቪ ደርሶዎታል፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ» የሚለው መልእክት ዛሬም ሰው የሚያጠምደው በዚሁ ስሌት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣው የወጣለትን ሰው በኢሜይል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ እንዲያይ ነው የሚያደርገው።

የቃል መዝገብ ለምን አይበቃም

መጀመሪያ ለማንም የሚመጣለት መፍትሔ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ማውጣት ነው። «ቅናሽ»፣ «ሽልማት»፣ «ዕጣ»፣ «አሁኑኑ ይላኩ» የሚሉትን መዝግቦ ከእነዚህ አንዱ ያለበትን መጣል። ለመምህሩ ይህ ለጥቂት ቀናት ሊሠራ ይችላል። ለጭድ ተራው ነጋዴ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ኪሳራ ነው፤ ዋጋ፣ ቅናሽ፣ ብር፣ ሒሳብ ቁጥር፣ ቶሎ በሉ የሚሉት ቃላት የሥራ ቋንቋው ናቸው። ዝርዝሩ ከአጭበርባሪ ይልቅ ደንበኞቹንና አከፋፋዮቹን ያግድበታል። በዚያ ላይ ዝርዝሩ የታወቀ ዕለት አጭበርባሪው ቃሉን ይለውጣል፤ ወይም በፊደላቱ መካከል ነጥብ ጣል ጣል ያደርጋል። ሰው ያነበዋል፤ ማሽኑ ያልፈዋል። የላኪዎችን ስልክ ቁጥር መዝግቦ ማገድም ሥራውን ያቀልላል እንጂ አይጨርሰውም፤ ቁጥር ይለወጣል፣ አዲስ ደንበኛም የሚደውለው ከማይታወቅ ቁጥር ነው።

ሕጉም ቢሆን በቃል አልፈረደም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ላይ የሚከለክለው፣ ምርትን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ተብሎ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሰራጭን መልእክት ነው። አስቀድሞ ፈቃድ ካለ፣ ወይም ማስታወቂያው የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ ይዞ ተቀባዩ ከእንግዲህ አልፈልግም የሚልበትን ቀላል መንገድ ካሳየ አያስቀጣም። በሕጉ ዓይን አንድን መልእክት አይፈለጌ የሚያደርገው በላኪና በተቀባይ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ችግሩ፣ ፈቃድ መልእክቱ ላይ ታትሞ አይመጣም። ማሽኑ የሚያየው ጽሑፉን፣ የላኪውን ቁጥርና ሰዓቱን ነው። የማይታየውን ፈቃድ ከሚታየው ምልክት መገመት አለበት፤ ግምት ደግሞ የማስረጃ ጉዳይ ነው።

አውድማው ላይ

የተወቃ ጤፍ አውድማ ላይ ፍሬውና ገለባው ተደባልቆ ይቆያል። ገበሬው እያንዳንዷን ፍሬ እያነሳ «አንቺ ምርት ነሽ፣ አንተ ገለባ ነህ» አይልም። በመንሽ ወደ ላይ ይበትነዋል፣ ነፋሱ ይለየዋል። ከባዱ ቅርብ ይወድቃል፣ ቀላሉ ራቅ ብሎ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ግን ቁርጥ ያለ ድንበር የለም፤ ፍሬና እብቅ የተቀላቀለበት ግርድ አለ፤ ለብቻው ተሰብስቦ እንደገና ይበጠራል። ነፋሱ ሲበረታ ገለባው በደንብ ይጠራል፤ ደቃቁ ጤፍም አብሮት ይሄዳል። ሲደክም ፍሬ አይጠፋም፤ ክምሩ ግን በእብቅ ይሞላል። ገበሬው የሚመርጠው ፍጹም ነፋስ ስላለ አይደለም፤ የትኛውን ጉድለት እንደሚችለው ስለሚያውቅ ነው።

የመልእክት ማጣሪያም በዚህ መንገድ ይሠራል። ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ይህ ነጥብ መልእክቱ አይፈለጌ የመሆን ዕድሉ ነው። ዕድሉ እጅግ ዝቅ ያለው ወደ ገቢ ሳጥን ይገባል፣ እጅግ ከፍ ያለው ይወገዳል፣ መሐል ያለው ግርድ ባለቤቱ እንዲያየው «አጠራጣሪ» በሚል ሳጥን ይቀመጣል። ድንበሩን የት እናድርግ የሚለው ነፋሱን የመምረጥ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ፤ ከአውድማ የሚጣለው ጭድ ለከብት መኖ ነው፣ ለጭቃ ቤት ምርግም ይፈለጋል። ጭድ ፈልጎ ለመጣ ሰው ምርቱ ጭዱ ነው። የቱ ምርት የቱ ገለባ እንደሆነ የሚወስነው ነፋሱ ሳይሆን የፈላጊው ሐሳብ ነው፤ ማጣሪያም የባለቤቱን ፍላጎት ሳያውቅ ቢነፍስ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነፍሰው።

ማስረጃ እንዴት ይደመራል

ነጥቡ የሚሰላበት ዘዴ መሠረቱ በ1761 እ.ኤ.አ. የሞተው እንግሊዛዊ ቄስ ቶማስ ቤይዝ ነው። ጽሑፉን ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ በ1763 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አበቃለት። ሐሳቡን በምዕራፍ 5 አግኝተነዋል፦ አዲስ ምልክት ባየን ቁጥር የቀድሞ ግምታችንን በምልክቱ ጥንካሬ ልክ እናስተካክላለን። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብቻ እንፍጠርና እንሞክረው። አንድ ሰው 1000 መልእክት ደርሶታል፤ 200ው አይፈለጌ፣ 800ው ተፈላጊ ነው። «ቅናሽ» የሚለው ቃል ከ200ው አይፈለጌ በ50ው ውስጥ አለ። ባለስልኩ መምህሩ ከሆነ ከ800ው ተፈላጊ መልእክቶቹ ቃሉ ያለው በ4ቱ ብቻ ነው እንበል። እንግዲህ «ቅናሽ» ያለባቸው በጠቅላላው 54 ናቸው፣ ከእነሱም 50ው አይፈለጌ። ቃሉ ብቻውን 93 በመቶ ያስጠረጥራል። ባለስልኩ ነጋዴው ከሆነ ግን ከ800ው ተፈላጊ መልእክቶቹ በ120ው ውስጥ «ቅናሽ» አለ። ከ170ው 50ው ብቻ አይፈለጌ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። ቃሉ አንድ፣ ስሌቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

አሁን በነጋዴው ስልክ ላይ ሌሎች ምልክቶች እንጨምር። ከማይታወቅ ቁጥር መምጣት በአይፈለጌዎቹ ላይ ከተፈላጊዎቹ ይልቅ 6 እጥፍ ይዘወተራል እንበል። ይህ ሲታከል ግምቱ ከ29 ወደ 71 በመቶ ይወጣል። መልእክቱ ሲነኩት ወደ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ካለውና ይህም በአይፈለጌዎቹ ላይ 20 እጥፍ የሚዘወተር ከሆነ ግምቱ 98 በመቶ ይደርሳል። ሊንክ በሌለበትና በምትኩ «ጭድ ተራ» የሚል ስም በተጠቀሰበት ጊዜስ? ሱቁን የሚያውቁ ሰዎች ሰፈሩን ይጠቅሳሉ፤ በጅምላ የሚልክ አጭበርባሪ ግን ተቀባዩ የት እንዳለ አያውቅም። ስሙ በተፈላጊዎቹ ላይ 10 እጥፍ የሚዘወተር ከሆነ 71 በመቶ የነበረው ጥርጣሬ ወደ 20 በመቶ ይወድቃል። የዘዴው ጥንካሬ እዚህ ላይ ይታያል፤ የሚያስጠረጥር ብቻ ሳይሆን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃም ይቆጠራል። የተከለከለ ቃል ዝርዝር መክሰስ እንጂ መመስከር አያውቅም።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ሜህራን ሳሃሚና የሥራ ባልደረቦቹ ዘዴውን ለኢሜይል አቀረቡት። በነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፕሮግራመር ፖል ግራሃም ባሳተመው ጽሑፍ በሰፊው እንዲታወቅ አደረገው። ግራሃም 4,000 ያህል አይፈለጌና 4,000 ያህል ተፈላጊ ኢሜይሎችን ወስዶ ፕሮግራሙ ቃላቱን እንዲቆጥር አደረገ፤ በእያንዳንዱ አዲስ ኢሜይል ላይ ወደ አንዱ ወገን አብዝተው የሚያደሉትን 15 ምልክቶች ብቻ ያይ ነበር። እንደ ዘገባው ከ1000 አይፈለጌዎች ያመለጡት ከ5 ያንሱ ነበር፤ በስህተት የታገደ ተፈላጊ ደብዳቤ ግን አልነበረም። ፕሮግራሙ ራሱ ካገኛቸው ጠንካራ ምልክቶች አንዱ የደማቅ ቀይ ቀለም ኮድ ነበር። የተከለከሉ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ያለውን ምልክት በሐሳቡም አያመጣውም፤ ቆጠራ ግን አገኘው።

ሁለቱ ስህተቶች አይተካከሉም

ግራሃም አንድ ነገር ሆን ብሎ አዛብቷል፤ በተፈላጊ ደብዳቤዎች ውስጥ የሚገኙ ቃላትን ቆጠራ በእጥፍ አባዝቶታል። ምክንያቱም አንድ አይፈለጌ ቢያልፍ ጉዳቱ የአንድ አፍታ ብስጭት ነው፤ አንድ የሥራ ደብዳቤ ቢጠፋ ግን ባለቤቱ መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። ወደ ጭድ ተራ ስንመልሰው፣ አሥር የሐሰት ሽልማት ማጥፋት ያሰለቻል፤ የአንድ አከፋፋይ መልእክት መቅረት ደግሞ ደንበኝነት ያሻክራል። የታገደው ሰው ደጋግሞ ልኮ መልስ ሲያጣ «ንቆኛል» ይላል እንጂ «ማጣሪያ በላው» አይልም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ይህ ሚዛን ለማስታወቂያ ይሠራ ይሆናል፣ ለማጭበርበር ግን አይሠራም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ፣ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ያለፈ አንድ የማታለያ መልእክት የሚያጠፋው ጊዜ ሳይሆን የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የሚያፈርሰው ግን ሐሳቡን ሳይሆን አንድን ቋሚ ድንበር ነው። የስህተቱ ዋጋ ሲለወጥ ድንበሩም መለወጥ አለበት። የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ወይም «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል መልእክት በዝቅተኛ ጥርጣሬም ቢሆን ወደ ግርዱ መግባት አለበት፤ ሳይጠፋ፣ ከፊቱ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት። የመሐለኛው ሳጥን ጥቅሙ ይህ ነው፤ ማሽኑ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ውሳኔውን ዓይን ላለው ሰው ይመልሳል።

ፊደላችን የሚጨምረው ሥራ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቃል መቁጠር ይቻላል በሚል ግምት ላይ ቆሟል። በአማርኛ መቁጠር ራሱ ሥራ ነው። «ዕጣ» እና «እጣ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በምዕራፍ 2 እንዳየነው ግን ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ። ማስረጃው ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል። ሌላው ጣጣ ላቲን ፊደል ነው። አንድ አጭር መልእክት 1,120 ቢት ይይዛል፤ ለእንግሊዝኛ ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃ 160 ፊደል ይገባበታል፣ ለእኛ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚያስፈልግ 70 ብቻ። ቦታና ክፍያ ለመቆጠብ አማርኛን በላቲን የሚጽፍ ብዙ ነው፤ አጻጻፉም እንደየሰዉ ይለያያል። ማጣሪያው አንዱን ቃል በብዙ መልኩ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከብደው የግሱ እርባታ ነው። «ላከ»፣ «ይላኩ»፣ «ልኬያለሁ»፣ «እንዲልኩልን» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እያንዳንዱን ለብቻው ብንቆጥር ማስረጃው ይበተናል፤ ሁሉንም ወደ ሥራቸው መልሰን «ላከ» ብንል ደግሞ ዋናው ነገር ይጠፋል። «ልኬያለሁ» ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያስገባ ደንበኛ ቃል ነው፤ «ይላኩ» ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ትእዛዝ ነው። ለማጣሪያው ልዩነቱ ያለው በሥሩ ላይ ሳይሆን በእርባታው ላይ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የሚሠራ ሰው ፊደሉን አንድ ማድረግ አለበት፤ ግሱን ግን እስከ አጥንቱ መግፈፍ የለበትም።

«ግን እኮ…»

ዘዴውን በሦስት በኩል መሞገት ይቻላል። የመጀመሪያው የሒሳብ ነው፤ ምልክቶቹን ስንደምር እያንዳንዱ ከሌላው ነጻ እንደሆነ አድርገን ነው፣ «እንኳን» እና «ደስ» ግን ተያይዘው ነው የሚመጡት። አንድን ማስረጃ ሁለቴ መቁጠር አይሆንም? ይሆናል። በዚህም የተነሳ ማሽኑ ያለው 98 በመቶ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ማጣሪያ የሚፈለግበት ሥራ መልእክቶቹን ከአጠራጣሪ ወደ አስተማማኝ መደርደር ነው፤ ግምቱ ቢጋነንም ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ አይዛባም።

ሁለተኛው፣ ቋንቋን በጥልቀት የሚያነቡ ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች በመጡበት ዘመን ቃል መቁጠር አርጅቷል የሚል ነው። እውነት ነው፣ አዲሶቹ ማሽኖች ከቃል አልፈው ዐረፍተ ነገሩን ይረዳሉ። ይሁንና ሲያነቡ የሚያወጡት ያው አንድ ዕድል ነው፤ ድንበሩን ማን፣ ለማን ብሎ ያሰምረው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆያል። ማሽኑ ምንም ቢራቀቅ የጭድ ተራው ነጋዴ ቅናሽ እንደሚፈልግ ካልተማረ ቅናሹን ያግድበታል። መማርም አንድ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለመቶ ሰው መላክ በአዘቦት ቀን የአይፈለጌ ምልክት ነው፤ በእንቁጣጣሽ፣ በፋሲካና በኢድ ግን «እንኳን አደረሳችሁ» እንዲሁ በጅምላ ይላካል፣ ተቀባዩም ደስ ብሎት ያነበዋል። በዓሉን የማያውቅ ማጣሪያ ዘመድ ያስቀይማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የምስጢር ነው፤ ማሽኑ እንዲማር መልእክቴን ማንበብ አለበት። ይህን ስጋት ማቃለል አይገባም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ጉዳዩ የሕግ ክብደት እንዳለው ያሳያል። ደግነቱ ለቆጠራ የሚያስፈልገው የደብዳቤው ምስጢር አይደለም፤ የትኛው ምልክት በየትኛው ወገን ስንት ጊዜ ታየ የሚለው ሠንጠረዥ ይበቃል። ሠንጠረዡ ደግሞ ከስልኩ ሳይወጣ ሊሠራ ይችላል። የነጋዴው ማጣሪያ ከመምህሩ መለየት አለበት ያልነውም ወደዚሁ ይመራናል፤ ለባለቤቱ የተስማማ ማጣሪያ መኖሪያው ባለቤቱ ዘንድ ቢሆን ይመረጣል።

ማጣሪያን በምን እንለካው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ የመለኪያ ደንብ አለ። የማጣሪያ ሻጭ ሁልጊዜ የሚነግረን ስንት አይፈለጌ እንደያዘ ነው። ሁሉንም መልእክት የሚያግድ ማጣሪያም መቶ በመቶ ይይዛል፤ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ከተፈላጊዎቹ ስንቱን አስቀረ? የማን መልእክቶች ናቸው የሚቀሩት? ባለቤቱስ ስህተቱን አይቶ ሊያርምና ማሽኑን ሊያስተምር ይችላል? በእንግሊዝኛ ኢሜይል የተማረ፣ ለቢሮ ሠራተኛ የተስተካከለ ማጣሪያ በዚህ ጥያቄ ፊት ሲቀርብ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያግደው በአማርኛ የሚነግድን ሰው እንደሆነ ልናገኝ እንችላለን። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ሰው እናዞረዋለን፤ ባንክ ብድር ጠያቂን በነጥብ ሲመዝን፣ በስህተት የታገደው መልእክት ሳይሆን ሰው ሲሆን የስህተቱን ዋጋ ማን ይከፍላል?